እኔስ ማርክ አልሰጥም?

እሺ... እየቀዳ ነው? ቀይዋ በርታለች። ሰላም ናችሁ።

ዛሬ ስለ እትዬ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ከሚሸጡት አንዷ ናቸው። የኮስት አካውንቲንግ፣ የወጪ ሂሳብ ማለት ነው፣ መምህሩ ተማሪዎቹን እያገለገሉ እንዲማሩ እዚያ ሊያወርድ ነው፣ ኮርሱን ሲቀርጽ የማግዘው እኔ ነኝ። የምታገለግሉትን ሰው ሳትጠይቁ ኮርስ አትንደፉ እያልኩ ስለምጨቀጭቅ፣ ስብሰባው ላይ ጠራናቸው። መጡ። ነጠላቸውን አደላድለው ተቀመጡ። አውራ ጣታቸው ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎ ቀርቷል።

መምህሩ አስረዳ። ልጆቹ የቆሮሶውን፣ የዓሣውን ማለት ነው፣ መግዣ፣ የበረዶውን፣ የዱቤውን ሂሳብ ይይዙልዎታል፣ በዚያው ይማራሉ አላቸው። ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ፦

«መምህር፣ ልጆቹ በዚህ ማርክ ያገኛሉ?»

«አዎ።»

«ታዲያ እኔስ ማርክ አልሰጥም?»

አውካካን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሳቃችን እስኪያልቅ ጠበቁ፣ ደንበኛ ወሬውን ጨርሶ ዱቤ እስኪጠይቅ እንደሚጠብቅ ነጋዴ። ከዚያ «ባለፈው የመጡት ልጆች መጠይቅ አስሞልተውኝ ሄዱ። የት እንደደረሱ እንጃ» አሉ።

ማን ቀድሞ ሳቀ? እሱን ነው የማሰላስለው። ዲኑ ይመስለኛል። ለዲኑ ብለን ነው እንዴ የሳቅነው?

ማገልገሉ እንኳ አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ ዓመት ሙሉ ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግላል፣ አብዛኛው በአስተማሪነት። ያ ግን ከኮርሱ ውጭ ነው። የእኛው ኮርሱ ውስጥ ገባ፣ የማርክ ጣጣም አብሮ መጣ።

መምህራን ሳሠለጥን ሁሌ የምለው አለ፤ ማርክ ለተማረው እንጂ ላገለገለበት ሰዓት አይሰጥም። ተማሪው ሪፍሌክሽን ይጽፋል፣ ካገለገለው ምን እንደተማረ ማለት ነው፣ መምህሩ ያርማል። ሪፍሌክሽን ደግሞ ዘንድሮ ማን እንደሚጽፈው እናውቃለን... ተዉት። ግን የዱቤው ሂሳብ ልክ መያዙን የሚያውቀው ማነው? ጠዋት ጀልባ ሲገባ መምህሩ እዚያ የለም።

ደግሞ በሁለተኛው ሰሚስተር ጾም ይገባል፣ ገበያቸው የሚደራው ያኔ ነው። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለው ውስጥ አልገባም፣ እናቴ ታዳምጣለች። በዚያ ግርግር ማን ቁጭ ብሎ ለተማሪ ያስረዳል?

መምህሩ በኋላ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። «ከማርኩ 10 ፐርሰንቱን እሳቸው እንዲሰጡ ልተውላቸው?» ምን ልበለው? ጎበዝ ልጅ ነው። እድገት ሲጠይቅ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ሕትመት ነው፣ አሞራ ገደል አይደለም።

10 ፐርሰንት... እትዬ ደግሞ አንጀታቸው ቶሎ ይራራል፣ ለሁሉም ሙሉውን ቢሰጡስ? ወይ ለአንዱ ዜሮ ሰጡት እንበል። ልጁ ቅሬታ ሲያስገባ ኮሚቴው ማንን ይጠራል፣ እሳቸውን? ቆይ፣ ለምን አይጠራም? አይ፣ እንጃ። ሰኞ የኮርስ አውትላይኑ ይገባል ተብሏል፣ እኔ ግን እስካሁን...