ይዛችሁ የመጣችሁትን አውጡት፤ ለጅማ የሄቪ ሜታል ወዳጆች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ! አከም ኦልተን!

ውድ የሄቪ ሜታል ወዳጆች፣ ልጆቻችሁን ተከትላችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ አዳራሹን በነጻ የፈቀዱልን ጋሼ፣ ከአጋሮና ከሊሙ ድረስ ተሳፍራችሁ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ።

የተሰበሰብነው ሰሞኑን የገዛነውን አልበም እርስ በርስ ልንተያይና አብረን ልንሰማ ነው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ እኔ ግን ትልቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ሄቪ ሜታል የምንለው ይህ የከበደ የሮክ ሙዚቃ ከእንግሊዟ ከተማ ከበርሚንግሃም ተነሥቶ ጅማ የደረሰው ሰው ለሰው እያሳየ፣ ሰው ለሰው እያዋሰ ነው። ይህንኑ ለማስረዳት ነው የቆምኩት።

መጀመሪያ ጠረጴዛውን እንየው። ከዳር ያለው የእንግሊዙ ባንድ የአይረን ሜይደን «ፓወርስሌቭ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ አልበም፣ በሲዲ። ያመጣችው እህታችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ዱባይ የምትሠራ አክስቷ ለበዓል ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛላት ገባች። ሽፋኑን የሣለው ዴሪክ ሪግስ ነው። ከሩቅ ስታዩት የባንዱ መለያ የሆነው ኤዲ ፈርዖን ሆኖ ከፒራሚዱ ፊት በግርማ ተቀምጧል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ደግሞ ሠዓሊው በድንጋዮቹ ላይ ጥቃቅን ጽሑፎችንና አንዲት ሚኪ ማውስን ደብቆ ታገኙታላችሁ። ልጅቷ በሞባይል መብራት ስትፈልጋት አምሽታ አግኝታታለች፤ በኋላ ጠይቋት፣ በጣቷ ታሳያችኋለች። ከቴሌግራም የወረደ ዘፈን ይህን ይዞ አይመጣም። ግጥሙ የታተመበት ወረቀት፣ ቤዝ ጊታሩን ማን እንደተጫወተ፣ የት እንደተቀዳ፣ ዘፈኖቹ በምን ቅደም ተከተል እንደተሰደሩ፣ ሁሉም መንገድ ላይ ይቀራል። አልበሙ የሚዘጋው ከ13 ደቂቃ በላይ በሚረዝም ዘፈን ነው፤ መነሻው የእንግሊዛዊው ገጣሚ የኮልሪጅ የመርከበኛ ግጥም ነው። መሃሉ ላይ ጊታሮቹ ረገብ ብለው የመርከብ እንጨት ሲንቋቋ የሚሰማበት ቦታ አለ። ዘፈን እየዘለለ የሚሰማ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ፈጽሞ አይደርስም።

ቀጥሎ ያለው ሸክላ የሴፑልቱራ «ሩትስ» ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1996። ሴፑልቱራ የብራዚል፣ የቤሎ ሆሪዞንቴ ልጆች ናቸው። ለዚህ አልበም ሻቫንቴ የሚባል የአገራቸው ነባር ሕዝብ መንደር ድረስ ሄደው፣ አብረው ተቀምጠው፣ አብረው ቀድተዋል፤ በከበሮውም የአገራቸው ሙዚቀኛ ካርሊንሆስ ብራውን አግዟቸዋል። ወንድማችን ይህን ሸክላ ለመስማት የአባቱን የድሮ ማጫወቻ አስጠግኖ ዛሬ አብሮ ተሸክሞት መጥቷል። እናመሰግነዋለን፤ አባቱንም እናመሰግናለን።

ከዚያ የእኛው የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» አለ፤ ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው። «ይህ ሮክ ነው፣ ሜታል መካከል ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ሮክነቱን እቀበላለሁ። ሆኖም በአማርኛ ግጥም ሥር ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ውጤት) የተጫነበት ጊታር ብዙዎቻችን መጀመሪያ የሰማነው ከእነሱ ስለሆነ፣ ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ቦታ ሊነፈገው አይገባም።

መጨረሻ ላይ ያለችው ፍላሽ ናት። ውስጧ ያለው የቦትስዋናው ስኪንፍሊንት አልበም ነው፤ በገንዘብ ተገዝቶ የወረደ ፋይል። ፋይልም ይቆጠራል። ስኪንፍሊንት ግጥሙን ከአፍሪካ አፈ ታሪክ የሚቀዳ ባንድ ነው፤ የዚያ አገር የሜታል ወዳጆችም በቆዳ ጃኬታቸውና በካውቦይ ባርኔጣቸው በዓለም ይታወቃሉ። አህጉራችን ውስጥ ይህን የሚያህል ነገር እያለ ስንቶቻችን ሰምተነዋል? እኔ ራሴ ስሙን የሰማሁት ፍላሿን ካመጣው ልጅ አፍ ነው። መተያየት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

አንዳንድ ሰው «ገዛሁ ብሎ ማሳየት ጉራ ነው» ይላል። ለእሱ የምመልሰው በታሪክ ነው።

የብላክ ሳባዝ ባንድ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ፣ ባንዱ ከመመሥረቱ በፊት፣ በበርሚንግሃም የብረት ቆርቆሮ በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጥሮ ነበር። ዕድሜው 17 ነው። ሥራውን ለቆ በሙዚቃው ሊገፋበት በወሰነበት በመጨረሻው የሥራ ቀን ማሽኑ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ሰውየው ግራኝ ነው፤ ስለዚህ ቀኝ እጁ ክሩን የሚጫንበት እጁ ነው። ጊታር አበቃለት ተባለ። በዚያ ሰሞን የፋብሪካው አለቃ ሊጠይቀው ሄደ፤ ሲሄድም ሸክላ ይዞ ነበር። አዮሚ ሙዚቃ የሚባል ነገር መስማት አልፈለገም። አለቃው ግን እንዲሰማ ገፋፋው። ሰምቶ ሲጨርስ፣ የሚጫወተው ሰው ጃንጎ ሬይንሃርት እንደሚባልና በእሳት አደጋ እጁ ተጎድቶ ሶሎውን በሁለት ጣት ብቻ እንደሚጫወት ነገረው። ልጁ ተነሣ። የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለተቆረጡት ጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው፤ ጣቱን እንዳያሳምሙት ቀጫጭን ክር አሰረ፤ ኋላም ጊታሩን ዝቅ አድርጎ ቃኘው፣ ክሩ እንዲላላለት። ከዚህ ሁሉ ያ የከበደ፣ ደረት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ወጣ። የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም በአንድ ቀን ተቀድቶ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970 ለገበያ ቀረበ። ሜታል የምንለው ነገር ሁሉ ከዚያ ይቆጠራል። ያ አለቃ ሸክላውን ቤቱ ቆልፎ ቢያስቀምጠው ኖሮ ዛሬ እዚህ የምንሰበሰብበት ምክንያት ይኖር ነበር ብዬ ለማሰብ ይከብደኛል።

የዚያው ባንድ ድምፃዊ ኦዚ ኦዝበርን እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 2025 በተወለደባት በበርሚንግሃም፣ በቪላ ፓርክ ስታዲየም ለመጨረሻ ጊዜ ዘፍኖ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ጁላይ 22 ቀን አርፏል። ነፍሱን ይማር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሙዚቃ ለምታጠኑት። የዚያ የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም መክፈቻ ዘፈን የቆመው ትራይቶን በሚባለው የድምፅ ርቀት ላይ ነው፤ አውሮፓውያን ጆሮ ያስጨንቃል እያሉ ለረጅም ዘመን ሲሸሹት የኖሩት። ይህ ርቀት በአንቺሆዬ ቅኝታችን ውስጥ አለ። ክራር ያለው ሰው ዛሬ ማታ ይሞክረው። ይህ ሙዚቃ ለጆሯችን ባዕድ ነው የሚለውን ወቀሳ የማልቀበለው ከዚህ የተነሣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያም ሙዚቃው የተዛመተው እንደዚያ አለቃ ሰው ለሰው እያካፈለ ነው። ሜታሊካ የተባለውን ባንድ ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ከበሮ መቺው ላርስ ኡልሪክ ከዴንማርክ ወደ አሜሪካ የሄደ ወጣት ነበር፤ ካሴት በፖስታ ከሚለዋወጡት አንዱ። አንዱ ለሌላው ቀድቶ ይልካል፣ ያኛው ደግሞ ለሦስተኛ ሰው። የሜታሊካ የ1982 የሙከራ ካሴት በዚሁ መንገድ ከእጅ እጅ ዞሮ፣ ባንዱ የመጀመሪያ አልበሙን ከማውጣቱ በፊት ስሙን አስጠራ።

በእኛም አገር ቢሆን ሙዚቃ ያለ ሸክላ የትም አይደርስም ነበር። የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ የቀዳውን አልበሙንና በ1974 በአምሃ ሪከርድስ ያሳተመውን ሸክላ ዓለም ዛሬ እያሰሰ ይገዛዋል። አምሃ እሸቴ ኩባንያውን ሲያቋቁም ወጣት ነበር፤ ሸክላዎቹም ውጭ አገር ታትመው ነበር የሚመጡት። ያን ሁሉ ጣጣ ችሎ ያሳተመው የሚገዛ ሰው አለ ብሎ አምኖ ነው። ልጆች፣ አያቶቻችሁ ቤት፣ ቁም ሳጥን ሥር የተቀመጠ ሸክላ ካለ እንዳይጣል አደራ።

አሁን ወላጆችን ላናግር። ልጃችሁ ጥቁር ቲሸርት ለብሶ ይህን ጩኸት ሲሰማ መጨነቃችሁ ይገባኛል፤ የአጽሙ ሥዕልም ያስደነግጣል። ግጥሙን ግን ልጃችሁ ይተርጉምላችሁ። ብላክ ሳባዝ «ዋር ፒግስ» ብሎ የዘፈነው ድሃውን ወደ ጦርነት እየላኩ ራሳቸው የሚሸሸጉትን ለመኮነን ነው። ሜታሊካ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው «ማስተር ኦፍ ፓፔትስ» የአልበሙን ስም የተሸከመው ዘፈን ሱስ ሰውን እንዴት ባሪያ እንደሚያደርግ ይናገራል። በከተማችን ስንት ወጣት በሱስ እንደተያዘ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። እሑድ ከሰዓቱን እዚህ ተቀምጦ የዘፈን ግጥም የሚተረጉም ልጅ በደህና ቦታ ነው ያለው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ሁላችሁም የምታስቡት እሱን እንደሆነ አውቃለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ከመለወጡ በፊት 10 ዶላር የሚሸጥ አልበም በባንክ ዋጋ ከ600 ብር በታች ነበር። አሁን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የቤት ኪራይ ለሚከፍል፣ ዘይትና ጤፍ ለሚገዛ ሰው ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ደግሞ ብዙዎቻችን የለንም። ስለዚህ በስልኩ ያወረደውን የሚሰማ ጓደኛችንን የሚያሳፍር ቃል ከዚህ መድረክ አይወጣም። እኔ የምለው፣ የምትወዱት ትንሽ ባንድ ካለ፣ በተለይ የአፍሪካ ባንድ፣ አንድ አልበሙን ግዙለት። ባንዶች ሙዚቃቸውን የሚሸጡበት ድረ ገጽ ባንድካምፕ ከፋይል ሽያጭ የሚወስደው 15 በመቶ ነው፤ የክፍያ ማስተላለፊያው ከተቀነሰ በኋላ ቀሪው ለባንዱ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ደግሞ በተመረጡ ዓርቦች የራሱን ድርሻ ሙሉ በሙሉ ይተዋል። የምትገዙ ከሆነ እነዚያን ዓርቦች ጠብቁ። እኛ የከፈልነው ጥቂት ዶላር አዳራሽ ለሚሞላ ባንድ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ቀን ሥራ ሠርቶ ማታ ለሚለማመድ ባንድ ግን የክር መግዣ ነው።

ብቻችንን የማንችለውን አብረን እንችላለን። እናቶቻችን ድስቱንም ብርድ ልብሱንም የገዙት በእቁብ ነው። እኛም የአልበም እቁብ እንጀምር ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ። በወር የአቅማችንን እናዋጣ፣ ዳኛና ጸሐፊ እንምረጥ፣ እጣ እናውጣ። እጣው የወጣለት ሰው አልበሙን ይመርጣል፤ ባንዱ የማንም ይሁን፣ የሜታሉ ዓይነት ዴዝም ይሁን ዱም፣ ምርጫው የእሱ ነው፣ ማንም አያጉረመርምበትም። አልበሙ የእሱ ንብረት ይሆናል። ግዴታው ሁለት ነው፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ይዞት መጥቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያሰማናል፣ ከዚያም በተራ ያውሰናል። ውጭ ዘመድ ያላችሁ በሻንጣ ለማስመጣት ትረዱናላችሁ። ሸክላው በመንገድ እንዳይታጠፍ በልብስ መሃል ይሁን እንጂ ከሻንጣው ጠርዝ አይጠጋ፤ ሲዲ ከሆነ ሣጥኑ ስለሚሰበር ዲስኩና ወረቀቱ ለብቻ ቢጠቀለል ይሻላል።

ተዋሰን ስንል መመለስ አለ። ያዋሰን ሰው ሁለት ጊዜ እንዲጠይቀን አናድርገው። ሸክላ በጠርዙ ይያዛል፣ ሲዲ ጠረጴዛ ላይ በግልባጩ አይቀመጥም፣ ወረቀቱ ላይ ቡና አይፈስም። ቡናው ደግሞ እየተቆላ ነው፣ ሽታው እዚህ ደርሷል፤ ስለዚህ አልበሞቹን ከረከቦቱ አርቀን እናስቀምጥ።

አካሄዳችን እንዲህ ይሁን። እያንዳንዱ ሰው ይነሣና ምን እንደገዛ፣ እንዴት እንዳገኘው፣ ለምን እንደመረጠው ይንገረን፤ አንድ ዘፈን ያሰማን። ሲሰማ አናወራም። ከዚያ የወደደም ያልወደደም አስተያየቱን ይስጥ፤ ያልወደደ ምክንያቱን ይናገር። ሁሉም ሲያበቃ መብራት ካልጠፋብን «ሩትስ»ን ሙሉውን እንሰማለን፤ ከጠፋም በባትሪ የሚሠራ ስፒከር ተዘጋጅቷል። በእቁቡ ላይ ከቡናው በኋላ እጅ እናወጣለን።

በሉ እንግዲህ፣ ከአጋሮ የመጣችሁ መንገድ ስላለባችሁ ቅድሚያ የእናንተ ነው። እዚያ ጥግ ያለኸው፣ ቦርሳህን ያቀፍከው ወንድሜ፣ ና ወደዚህ፤ ምን ይዘህ መጣህ?