ደካማ ፊርማ የት ይታያል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማነሣው ጉዳይ ለኮምፒውተር ደኅንነት ፈተና ከሚዘጋጁ ወጣቶች ጋር በተቀመጥሁ ቁጥር የሚገጥመኝና የሚቆጨኝ ነው። አንድ ዲጂታል ሰርተፍኬት፣ ማለትም አንድ ቁልፍ የማን እንደሆነ ሰጪ ድርጅት በፊርማው የሚያረጋግጥበት ፋይል፣ ፊታቸው ይቀርብና «ድክመቱ የትኛው መስመር ላይ ነው?» ተብለው ይጠየቃሉ። አብዛኞቹ ወደ ሸመደዱት ዝርዝር ይሮጣሉ፦ ኤምዲ5 ደካማ ነው፣ ሻ-1 ደካማ ነው፣ ከ2048 ቢት ያነሰ አርኤስኤ ደካማ ነው። ኤምዲ5ና ሻ-1 ፋይልን ወደ አጭር ቁጥር፣ ወደ ሃሽ፣ የሚጨምቁ ስልቶች ናቸው፤ አርኤስኤ ደግሞ የመፈረሚያ ቁልፍ ዓይነት ነው። ዝርዝሩ እውነት ነው። ግን እያንዳንዱ መስመር ምን ሥራ እንደሚሠራ ያላወቀ ሰው በዚያው ትክክለኛ ዝርዝር ይሳሳታል።

እስቲ አንዱን ከፍተን እንየው። የሰጪው ስም አለ፣ የባለቤቱ ስም አለ፣ መለያ ቁጥር አለ፣ የሚያገለግልበት ጊዜ አለ፣ የይፋዊ ቁልፉ፣ ማለትም ፊርማ የሚጣራበት ለሁሉም ክፍት የሆነው ቁልፍ፣ ዓይነትና ርዝመት አለ፣ ሰጪው የፈረመበት ስልት አለ። ዊንዶውስ ላይ ከፍታችሁት ከሆነ ደግሞ ከታች የሰርተፍኬቱ አሻራ ይታያል፤ እሱም በሻ-1 የተሰላ ነው። ተፈታኙ ሻ-1 የሚለውን ሲያይ ፊቱ ይበራል፣ መልሱን ያገኘ ይመስለዋል። ነገር ግን ያ አሻራ ሰርተፍኬቱ ውስጥ የለም። ኮምፒውተሩ ፋይሉን ከሌላው ለመለየት በራሱ አስልቶ ያሳየው ቁጥር ነው፤ ማንም አልፈረመበትም፣ የሰጪው ማረጋገጫም በእሱ ላይ አይቆምም። መታየት ያለበት የፊርማው ስልት የሚለው መስመር ነው። እዚያ የሻ-1 ጠንካራ ተተኪ የሆነው ሻ-256 ከአርኤስኤ ጋር ካለ ፊርማው ደህና ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ቁጥር ነው። ቁልፉ 256 ቢት ነው የሚል ሲያዩ «ከ2048 ያነሰ!» ብለው የሚደነግጡ አሉ። የቁልፉን ዓይነት ሳያዩ ርዝመቱን ማየት ዋጋ የለውም። በኤሊፕቲክ ከርቭ፣ ከአርኤስኤ በተለየ ሒሳብ፣ የተሠራ የ256 ቢት ቁልፍ በጥንካሬው ከ3072 ቢት አርኤስኤ ጋር የሚመደብ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የረቀቀ ነው፤ ፈተናው ላይ ቢመጣ ደስ የሚለኝም እሱ ነው። አንዱ ሌላውን እየፈረመ በሚወርደው የሰርተፍኬቶች ሰንሰለት አናት ላይ ያለው፣ ሩት የሚባለው ሰርተፍኬት በሻ-1 ተፈርሞ ብታገኙት ምን ትላላችሁ? ሩት ራሱን በራሱ የፈረመ ነው። የምናምነው በፊርማው ሳይሆን ኮምፒውተራችን ወይም ስልካችን ውስጥ ከታመኑት ጋር ተቀምጦ ስለተገኘ ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ያለው የሻ-1 ፊርማ አደጋ አይሆንም። ያው ሻ-1 ከሩቱ በታች ባለው ሰርተፍኬት ላይ ሲገኝ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እዚያ እምነቱ ሁሉ የተንጠለጠለው በፊርማው ላይ ነው።

በደካማ ሃሽ የተሠራ ፊርማ ለምን አደጋ እንደሚሆን ያሳየን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 በርሊን ላይ የቀረበው ሥራ ነው። ይህን ታሪክ ለተማሪ ስነግር አልሰለችም። ሰጪው ድርጅት ሲፈርም ሰርተፍኬቱን በሙሉ አይፈርምም፤ ከሰርተፍኬቱ ተጨምቆ የወጣውን ሃሽ ነው የሚፈርመው። ሁለት የተለያዩ ሰርተፍኬቶች አንድ ዓይነት ሃሽ ካላቸው ለአንዱ የተሰጠው ፊርማ ለሌላውም ይሠራል፤ ማኅተሙን ከአንዱ ደብዳቤ ነቅሎ በሌላው ላይ እንደመለጠፍ ነው። ተመራማሪዎቹ በዚያን ጊዜ ገና በኤምዲ5 ይፈርም የነበረ ድርጅት አገኙ። መለያ ቁጥሮቹ በተራ የሚጨምሩ ነበሩ። ጥያቄው በገባ በ6 ሰከንድ ሰርተፍኬቱ ይወጣል። ስለዚህ የሚመጣውን ቁጥርና ሰዓት አስቀድሞ መገመት ተቻለ። 200 ያህል ፕሌይስቴሽን 3 የጨዋታ መሣሪያዎችን አገናኝተው ሁለቱን ተመሳሳይ ሃሽ ያላቸው ሰርተፍኬቶች አዘጋጁ፤ አንዱ ተራ የድረ ገጽ ሰርተፍኬት፣ ሌላው ለፈለገው ሁሉ ሰርተፍኬት መስጠት የሚችል። የመጀመሪያውን አስፈረሙ፣ ፊርማውን ወደ ሁለተኛው አዛወሩት። ጉዳት እንዳይደርስ ብለውም የሐሰተኛው ሰርተፍኬት ዘመን 2004 ላይ እንዲያበቃ አድርገው ሠሩት። ይህን ጥንቃቄያቸውን አከብራለሁ።

መለያ ቁጥር ዛሬ ለምን በዘፈቀደ እንደሚወጣ፣ ቢያንስ 64 ቢት የማይገመት ነገር ለምን እንደሚጠየቅበት አሁን ግልጽ ነው። ተፈታኞች ግን ይህን መስመር ዘለው ያልፉታል።

ማስጠንቀቂያው ለሁሉም አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በ2012 ፍሌም የተባለው የስለላ ቫይረስ ያንኑ የኤምዲ5 ድክመት ተጠቅሞ ከማይክሮሶፍት የመጣ ማሻሻያ መስሎ ሲገባ ተገኘ። ሻ-1ም ተራው ደረሰ፦ በ2017 የአምስተርዳሙ የምርምር ተቋምና ጉግል አንድ ዓይነት ሃሽ ያላቸው ሁለት የተለያዩ ፒዲኤፍ ፋይሎችን አሳዩ፤ በ2020 ደግሞ ለሰርተፍኬት ይበልጥ አስጊ የሆነው ጥቃት በ45 ሺህ ዶላር አካባቢ እንደሚሠራ ታየ።

እስካሁን ያነሣሁት ሁሉ በዓይን ሊታይ የሚችል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በዓይን የማይታየው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 ዴቢያን ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ኦፕን ኤስኤስኤል የተሰኘው ፕሮግራም የሚያወጣቸው ቁልፎች በዘፈቀደ የመጡ ይመስሉ ነበር። ከፕሮግራሙ ውስጥ በጥሩ ሐሳብ የተቆረጠ አንድ መስመር የዘፈቀደነቱን ምንጭ አድርቆት ነበርና፣ ለአንድ ዓይነት ቁልፍ ሊወጣ የሚችለው ብዛት 32 ሺህ ገደማ ብቻ ሆነ። ያንን በአንድ ኮምፒውተር አንድ በአንድ ቆጥሮ መጨረስ ይቻላል። ሰርተፍኬቱን ብታነቡት ግን 2048 ቢት ይላል፤ ምንም አይጎድለውም። በ2012ም በኢንተርኔት ላይ ያሉትን ቁልፎች የሰበሰቡ ተመራማሪዎች አንድ ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከራሱና ከአንድ በቀር የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር፣ የሚጋሩ ብዙ የአርኤስኤ ቁልፎች አገኙ። እንዲህ ያሉ ሁለት ቁልፎች ጎን ለጎን ከቀረቡ ትልቁን የጋራ አካፋያቸውን ማስላት ብቻ ያንን የጋራ ቁጥር አውጥቶ ሁለቱንም ይሰብራል። ይህ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀው ሒሳብ ነው!

ከዚያ ኢስቶኒያ አለች። በቼክ ሪፐብሊክ የማሳሪክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የአንድ ቺፕ ቁልፍ አወጣጥ ጉድለት እንዳለው ደረሱበት፤ ቺፑ የነበረው በኢስቶኒያውያን መታወቂያ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 መንግሥት ከ700 ሺህ በላይ የሆኑ መታወቂያዎችን ሰርተፍኬት አገደ። ሰዎች ውል የሚፈርሙበት፣ ድምፅ የሚሰጡበት መታወቂያ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአገራችን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 ከወጣ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕጋዊ መሠረት አለው። ደካማ ቁልፍ ማለት እንግዲህ ባልፈረማችሁት ውል ላይ ፊርማችሁ መገኘት ማለት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሰርተፍኬት የሚመረምር ባለሙያ የማንበብ ብቃቱ የሚያስጨንቀኝ። ጽሑፉን ካነበበ በኋላ ቁልፉ ከየትኛው መሣሪያ፣ በየትኛው የሶፍትዌር ቅጂ እንደወጣ መጠየቅ አለበት፤ የታወቁ ደካማ ቁልፎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ማጣራት አለበት። ፈተናው ይህን ባይጠይቅም ሥራው ይጠይቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ «2048 ቢት አርኤስኤ ደህና ነው» ብላችሁ ብትመልሱ ነጥቡን ታገኛላችሁ። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም፣ ኒስት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ረቂቅ ዕቅድ ግን ይህ ጥንካሬ ከ2030 በኋላ እንዳይመከር፣ ከ2035 በኋላ ደግሞ አርኤስኤም ኤሊፕቲክ ከርቭም ለፊርማ እንዳይፈቀዱ ይላል፤ ምክንያቱ ኳንተም ኮምፒውተር ነው። የሚተኳቸው የፊርማ ስልቶች ከወዲሁ ጸድቀዋል። በሚቀጥለው ክፍል ከእነሱ አንዱን፣ ኤምኤል-ዲኤስኤ የተባለውን፣ ሰርተፍኬት ውስጥ ገብቶ እናየዋለን፤ ፊርማው ብቻውን ከ2 ሺህ ባይት በላይ ስለሆነ የምናነበው ገጽ ይረዝማል።