መንገዱ በማዘጋጃ ቤቱ በኩል ነበር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ፣ ልጆቻችሁን አስከትላችሁ የመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዛሬ የማወራችሁ በየጊዜው ስማቸውን ስለምንሰማቸው፣ ታሪካቸውን ግን ጠይቀን ስለማናውቀው አንድ የኦስሎ ሰው ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በዚህ አገር፣ በኖርዌይ፣ አቆጣጠር ነው። አይናር ገርሃርድሰን በ1897 ከኦስሎ አጠገብ በምትገኘው አስከር ተወለዱ። አባታቸው የመንገድ ሠራተኛ ነበሩ። እሳቸውም በልጅነታቸው ተላላክተው ካደጉ በኋላ የአባታቸውን ሥራ ያዙ። ኦስሎ ያን ጊዜ ክርስቲያኒያ ትባል ነበር። በብርድ የሚሠራ የመንገድ ሥራ ጀርባ እንደሚያጎብጥ፣ መዳፍ እንደሚያሻክር ከመካከላችን የሚያውቅ አይጠፋም። የሥራ ባልደረቦቻቸው የማኅበራቸው መሪ አድርገው መረጧቸው፤ በ1923 ደግሞ የሠራተኞች ፓርቲ ጸሐፊ ሆኑ።

ከዚያ ወዴት ሄዱ? ወደ ከተማው ምክር ቤት። በ1930ዎቹ የኦስሎ ምክር ቤት ተመራጭ፣ በኋላም ምክትል ከንቲባ ነበሩ። በ1940 ከንቲባ ሆኑ፤ ነገር ግን ጀርመኖች አገሪቱን ወርረው ስለነበር በዚያው ዓመት ከወንበራቸው አነሷቸው። በ1941 ታሰሩ። ዛክሰንሃውዘን ወደተባለው የጀርመን ማጎሪያ ካምፕ ተወሰዱ፤ በ1944 እዚህ በኦስሎ ዳርቻ ወዳለው የግሪኒ እስር ቤት ተመለሱ። በግሪኒ ከሌላ ፓርቲ ሰዎች ጋር በአንድ አጥር ውስጥ ታስረው፣ ነፃነት ሲመጣ አገሪቱን እንዴት አብረን እንሥራት እያሉ ይመክሩ ነበር። ፓርቲዎቹ በ1945 የተስማሙበት የጋራ ፕሮግራም አንዱ ሥሩ እዚያ ነው።

ነፃነት በግንቦት መጣ፤ እሳቸውም ወደ ከንቲባነታቸው ተመለሱ። በሰኔ ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ያን ቀን ገርሃርድሰን የፓርላማ ተመራጭ ሆነው አያውቁም ነበር! ወደ ፓርላማ የገቡት ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ በመጣው ምርጫ ነው። ለአገር መሪነት ያበቃቸው የፓርቲያቸውና የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ነበር። በየወሩ በባንክ ሂሳባችን የሚገባው የልጆች አበል በ1946 ተጀመረ። በዚያው ዓመት ለቤት መሥሪያ የሚያበድረው የቤት ባንክ ተቋቋመ፤ ዛሬ ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ የሚማሩበት የትምህርት ብድር ተቋም ደግሞ በ1947። በሦስት ዙር ተደምሮ 17 ዓመት ያህል መሩ።

ውዳሴ ብቻ ይዤ ግን አልመጣሁም። ኖቬምበር 5 ቀን 1962 በሩቅ ሰሜን ባሉት የኖርዌይ ደሴቶች በስቫልባርድ፣ ኒ ኦለሱን በሚባለው ቦታ፣ የመንግሥት ንብረት በሆነ የከሰል ማዕድን ውስጥ ፍንዳታ ደርሶ 21 ሠራተኞች ሞቱ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይከብዳል፤ በላቡ ያደረ ሰው በሚመራው መንግሥት፣ በላባቸው የሚያድሩ ሰዎች ከመሬት በታች ቀሩ። አጣሪ ኮሚሽኑ የማዕድኑን የደህንነት አያያዝ አጥብቆ ወቀሰ። በነሐሴ 1963 ፓርላማው ተከራከረ፤ ሕዝቡም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተከታተለ። ከ150 መቀመጫዎች የሠራተኞች ፓርቲ 74 ነበረው፤ ተቃዋሚዎቹም 74። የቀሩት ሁለቱ የአንድ ትንሽ ፓርቲ ሰዎች ነበሩ። እነዚያ ሁለት ሰዎች ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቆሙ፤ 76 ለ74፤ የገርሃርድሰን መንግሥት ወረደ። የተካው የዮን ሊንግ መንግሥት አራት ሳምንት ቆይቶ ሲወድቅ ተመልሰው እስከ 1965 መሩ። እኔን ግን የሚይዘኝ የሁለቱ ሰዎች ነገር ነው፤ ጥቂት ድምፅ መንግሥት ያወርዳል፣ እኔ ግን የራሴን ድምፅ ጥዬ አውቃለሁ።

እዚህ አገር ገብቼ ሦስት ዓመት እንደሞላኝ በፖስታ አንድ ካርድ ደረሰኝ። ስሜ ተጽፎበታል፤ ከታች የምርጫ ጣቢያው አድራሻ አለ። ዜጋ ስላልሆንኩ በስሕተት የተላከ መሰለኝና ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ጣልኩት። ዛሬም ይቆጨኛል። ስሕተት አልነበረም። በኖርዌይ ሕግ ከምርጫው ቀን በፊት ሦስት ዓመት በተከታታይ በሕጋዊ መንገድ የኖረ ሰው ዜግነት ባይኖረውም በማዘጋጃ ቤት ምርጫ ይመርጣል፤ ይመረጣልም።

የልጃችንን መዋዕለ ሕፃናት የሚያስተዳድረው፣ ለሸመገለች እናታችን የቤት ለቤት እንክብካቤ የሚልክላት ማን ነው? ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ስለ ትልቁ ፖለቲካ በየቡናው እስከ እኩለ ሌሊት እንከራከራለን፤ ደጃፋችን ላይ ያለውን 59 ሰዎች የሚቀመጡበትን የኦስሎ ምክር ቤት ግን የሌላ ሰው ቤት አድርገን ትተነዋል። ፓርቲ ልመርጥላችሁ አልመጣሁም፤ ያ የየራሳችሁ ነው። የምትመርጡትን ፓርቲ የዕጩዎች ዝርዝር ከያዛችሁ በኋላ ግን ከዕጩዎቹ ስም ጎን ምልክት በማድረግ ለምታምኑበት ሰው ተጨማሪ የግል ድምፅ መስጠት እንደምትችሉ እወቁ። ከዝርዝሩ ታች ያለ ሰው በዚህ መንገድ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል።

የሚቀጥለው የማዘጋጃ ቤት ምርጫ በሴፕቴምበር 2027 ነው። የዕጩዎች ዝርዝር የሚገባበት የመጨረሻ ቀን ግን ማርች 31 ነው፤ ፓርቲዎቹ ሰው መፈለግ የሚጀምሩት ደግሞ ከዚያ ብዙ ወራት አስቀድመው ነው። ከአዳራሹ መውጫ አጠገብ ጠረጴዛ አዘጋጅተናል፤ የየፓርቲው የአካባቢ ቅርንጫፍ አድራሻ እዚያ አለ። ኖርዌጅኛዬ አይበቃም ብላችሁ የምታመነቱ ካላችሁ መጥታችሁ ጠይቁኝ፤ ደብዳቤውን አብረን እንጽፋለን። እስክትጨርሱ እዚሁ ነኝ።