ፕሮቶኑ ማን ጋ ነው?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የሕክምና ተማሪዎች፤

ዛሬ የምናገረው ብዙ ተማሪ ፈተናውን አልፎ ለመርሳት ስለሚቸኩልበት ትምህርት ነው፦ ስለ አሲድና ቤዝ፣ እንዲሁም ሞለኪውሎች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡባቸው ኃይሎች። ሁለቱ በተለያዩ ምዕራፎች ስለሚሰጡ የማይገናኙ ይመስላሉ። እኔ ግን ለሐኪም አንድ ጉዳይ ናቸው ብዬ አምናለሁ። አንድ ሞለኪውል ፕሮቶን ሲቀበል ወይም ሲሰጥ ቻርጁ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፖዘቲቭነቱ ወይም ኔጋቲቭነቱ፣ ይለወጣል። ቻርጁ ሲለወጥ ከውሃና ከስብ ጋር ያለው ግንኙነት ይለወጣል። ያ ሲለወጥ ደግሞ በሰውነት ውስጥ የሚደርስበት ቦታ ይለወጣል።

አሲድ ፕሮቶን ሰጪ፣ ቤዝ ፕሮቶን ተቀባይ ነው የሚለውን ፍቺ ዴንማርካዊው ብሮንስቴድና እንግሊዛዊው ላውሪ እ.ኤ.አ. በ1923 ለየብቻቸው አቀረቡት። ፕሮቶን ስንል ኤሌክትሮኑን ያጣ ሃይድሮጅን ማለታችን ነው። ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል። ፒኬኤ የምንለው ቁጥር ደግሞ ሞለኪውሎቹ ግማሹ ፕሮቶኑን የያዙበት፣ ግማሹ የለቀቁበት ፒኤች ነው። ከዚህ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ትወጡ እንደሆነ ይህንን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ውሃ እንምጣ። በውሃ ሞለኪውል ውስጥ ኦክስጅን ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ስለሚስብ እሱ በከፊል ኔጋቲቭ፣ ሃይድሮጅኖቹ በከፊል ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ስለዚህ የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን የሌላውን ኦክስጅን ይስባል፤ የሃይድሮጅን ትስስር የሚባለው ይህ ነው። አንዱ ብቻውን ደካማ ነው፤ ሲበዙ ግን ጉልበታቸው ይታያል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከውሃ የሚከብድ ሞለኪውል ሆኖ ሳለ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል። ውሃ ግን እስከ 100 ዲግሪ ይታገሣል። ቻርጅ ያለውን ቅንጣት ደግሞ ውሃ ዙሪያውን ከብቦ ይይዘዋል። የሕዋስ ሽፋን ውስጠኛው ክፍል ስብ ነው፤ ስብ የሚሰጠው ደካማውን የቫን ደር ዋልስ ስበት ብቻ ነው። ውሃውን ጥሎ ወደዚያ መግባት ቻርጅ ላለው ሞለኪውል ኪሳራ ነውና በር የሚሆን ፕሮቲን ካላገኘ ውጭ ይቀራል።

ማደንዘዣውን ሊዶኬይንን ተመልከቱ። ደካማ ቤዝ ነው፤ ፒኬኤው 7.9 አካባቢ ነው። ጤናማ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ፣ ፒኤች 7.4 ላይ፣ ከአራቱ ሞለኪውል አንዱ ያህል ፕሮቶን የሌለው፣ ቻርጅም የሌለው ነው። የነርቩን ሽፋን አልፎ የሚገባው በዋናነት ያ አንዱ ነው። ከገባ በኋላ ግን መልሶ ፕሮቶን ይይዝና ነርቡ መልእክት ለማስተላለፍ ሶዲየም የሚያስገባበትን ቀዳዳ ከውስጥ በኩል ይዘጋል። ለመግባት ቻርጅ ማጣት፣ ለመሥራት ቻርጅ ማግኘት! እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ። መግል የቋጠረ፣ የተቆጣ ቦታ ላይስ? እዚያ አሲድ ይበዛል። ፒኤቹ ወደ 6.9 ቢወርድ ቻርጅ የሌለው ከአሥራ አንዱ አንድ ብቻ ይሆናል። ሕመምተኛው «አልደነዘዘልኝም» ሲላችሁ እውነቱን ነው። ማደንዘዣው እንዲህ ቦታ ላይ ከሚደክምባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ሐኪሞችም ከተቆጣው ቦታ ራቅ ብለው ነርቡን የሚያደነዝዙት ለዚህ ጭምር ነው።

አስፕሪን በተቃራኒው አሲድ ነው፤ በመመረዝ ጊዜ ሽንቱን አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ማድረግ አስፕሪኑ በሰውነት ውስጥ የሚለወጥበትን ሳሊሲሌት ቻርጅ አስይዞ ወደ ደም እንዳይመለስ ያግደዋል። ሒሳቡ ያው ነው።

ደም ውስጥም ጥያቄው አይለወጥም። መደበኛው የደም ወሳጅ ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ነው። ይህን በዋናነት የሚጠብቁት ባይካርቦኔትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ናቸው፤ አንዱን ኩላሊት፣ ሌላውን ሳንባ ያስተዳድራል። ባይካርቦኔት 24 ሚሊሞል በሊትር፣ በደም የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1.2 ሲሆን ውድሩ 20 ለ1 ነው። የ20 ሎጋሪዝም 1.3 ነው፤ የዚህ ጥንድ ፒኬኤ በሆነው 6.1 ላይ ደምሩት፣ 7.4 ይመጣል። ፒኤችን የሚወስነው ውድሩ እንጂ የአንዱ ቁጥር ብቻ አይደለም።

ይህን መዘንጋት ሕይወት ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1952 በዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን ውስጥ ከባድ የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሣ። የመተንፈሻ ጡንቻቸው የሰለለ ሕሙማን በየቀኑ ወደ ብሌግዳም ሆስፒታል ይገቡ ነበር፤ በመሣሪያ እንዲተነፍሱ ከተደረጉት የመጀመሪያዎቹ 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። በደማቸው የሚለካው ጠቅላላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፍ ያለ ነበር። አብዛኛው ክፍል ባይካርቦኔት ስለሆነ ሐኪሞቹ ደሙ አልካላይን ሆኗል ብለው ተረጎሙት። የማደንዘዣ ሐኪሙ ቢዮርን ኢብሰን ግን ሕሙማኑ በቂ አየር ስለማያገኙ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ታምቆ ደሙ አሲድ ሆኗል አለ። ፒኤቹ ሲለካም ትክክል ሆኖ ተገኘ። በነሐሴ መጨረሻ በአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ቱቦ ገባላት፤ በእጅ በሚጨመቅ ከረጢትም አየር ተሰጣት። ተረፈች። ለሌሎቹም ይኸው ሲደረግ የሟቾቹ ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ከተማዋ ሶረንሰን በ1909 የፒኤችን መለኪያ ያወጣባት፣ ሃሰልባልክም አሁን የሠራነውን ስሌት በ1916 በሎጋሪዝም የጻፈባት ከተማ ናት። እውቀቱ ከደጃቸው ነበር።

ከረጢቱን ሌትና ቀን እየተፈራረቁ የጨመቁት ደግሞ የሕክምና ተማሪዎች ነበሩ፤ ቁጥራቸው ከ1,000 በላይ ነው። እያንዳንዷ ጭመቃ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ታስወጣለች፤ ውድሩንም ወደ 20 ትመልሳለች።

ስለዚህ ወደ ሕሙማን ክፍል ስትገቡና የደም ጋዝ ውጤት እጃችሁ ሲገባ፣ ባይካርቦኔቱን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። መጀመሪያ ፒኤቹን አንብቡ፤ ቀጥሎ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ውድሩን አስሉ፤ ከዚያ ሕመምተኛው እንዴት እንደሚተነፍስ ራሳችሁ ሄዳችሁ ተመልከቱ።

አመሰግናለሁ።