ከጭራቁ ጎን ለቆሙት ሰዎች
በጅማ ለፊልም ወዳጆችና ለጀማሪ የፊልም ጸሐፊዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የጅማ ነዋሪዎችና የፊልም ወዳጆች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ የመጀመሪያ ስክሪፕታችሁን በመጻፍ ላይ ያላችሁ ወጣቶች፤

ስለ አስፈሪ ፊልሞች እንድናገር ተጋብዣለሁ። ዛሬ የማነሣው ግን ገዳዮቹን ወይም መናፍስቱን አይደለም። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ታይተው፣ አንድ ቁም ነገር ሠርተው፣ ከዚያ በኋላ ጠያቂ ስለሚያጡ ሰዎች መሟገት እፈልጋለሁ። የራሳቸው ፊልም ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስታንሊ ኩብሪክ በ1980 በሠራው «ዘ ሻይኒንግ» ውስጥ ስካትማን ክሮዘርስ የተጫወተው ዲክ ሃሎራን የሚባል የሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ አለ። ሃሎራን ለትንሹ ዳኒ አይስክሬም ሰጥቶ፣ ልጅ ሳለ ከሴት አያቱ ጋር አፋቸውን ሳይከፍቱ ይጨዋወቱ እንደነበር ያጫውተዋል፤ ወደ 237 ቁጥር ክፍል ዝር እንዳይልም አጥብቆ ያስጠነቅቀዋል። በክረምቱ ፍሎሪዳ ቤቱ ተኝቶ ሳለ የልጁ ጭንቀት ይደርሰዋል። አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ በበረዶ ላይ የሚሄድ መኪና ለምኖ፣ መንገዱ ወደተዘጋው ተራራ ይወጣል፤ ሆቴሉ ውስጥ ገብቶ ብዙም ሳይራመድ በመጥረቢያ ይገደላል። በዚያ ፊልም ውስጥ አእምሮውን ስቶ ቤተሰቡን ሊገድል የተነሣው የዳኒ አባት ጃክ ዓይናችን እያየ የሚገድለው እርሱን ብቻ ነው፤ እናትና ልጅ የሚያመልጡት ደግሞ እርሱ ይዞት በመጣው መኪና ነው። ስቲቨን ኪንግ በ1977 ባሳተመው ልብ ወለድ ግን ሃሎራን ከሞት ይተርፋል።

ከመጥረቢያው ይልቅ እኔን የሚይዘኝ የአያቲቱና የልጁ ነገር ነው። በአሜሪካ የዘር መድልዎ ዘመን ያደጉ አንድ ጥቁር ልጅና አያቱ፣ ነጭ ሰው በማይሰማው ቋንቋ ሲነጋገሩ ምን ይባባሉ ነበር? ሃሎራንስ በዚያ ክፍል ውስጥ ያለውን እያወቀ ለምን ወደዚያው ወጥ ቤት ሥራ ይመለስ ነበር? ደመወዙ ነው፣ ልማድ ነው፣ ወይስ የሚያውቀውን ቢናገር የሚያምነው እንደሌለ ስለተረዳ? በ2019 በወጣው «ዶክተር ስሊፕ» ሃሎራን ተመልሶ ዳኒን ይመክራል፤ በቅርቡም በተከታታይ ድራማ ውስጥ ብቅ ብሏል። ያም ሆኖ ሥራው ዞሮ ዞሮ የሌሎችን ታሪክ ማገዝ ነው።

የፊልም ኩባንያዎች ከትንሽ ሚና ትልቅ ፊልም ማውጣት አያቅታቸውም። በ2013 በ«ዘ ኮንጀሪንግ» መግቢያ ላይ የታየችው አሻንጉሊት አናቤል ከ2014 እስከ 2019 ሦስት ፊልሞች ተሠርተውላታል፤ በ2016 በሁለተኛው ክፍል የመጣው የመነኩሲት መልክ ያለው ጋኔንም በ2018 የራሱን ፊልም አግኝቷል። አሻንጉሊቷን ቤታቸው አስገብተው በፍርሃት የራዱት ነርሶች ግን የራሳቸው ፊልም አልተሠራላቸውም። ስለዚህ የጎደለው የጭራቁ ታሪክ ሳይሆን የሰዎቹ ነው። ሲሞከር ደግሞ ይሆናል፦ በ1973ቱ «ዘ ኤክሶርሲስት» ከዳር ሆኖ ነገሩን ይመረምር የነበረው መርማሪ ኪንደርማን፣ ደራሲው ዊሊያም ፒተር ብላቲ ራሱ ባዘጋጀው የ1990 ፊልም ዋና ባለታሪክ ሆኗል።

ከሁሉ ይልቅ የምትቆረቁረኝ ግን በ2017ቱ የጆርዳን ፒል «ጌት አውት» ውስጥ ያለችው ጆርጂና ናት። ቤቲ ገብርኤል የተጫወተቻት ይህች የቤት ሠራተኛ ፊቷ እየሣቀ እንባዋ ይወርዳል፤ ደጋግማም «የለም፣ የለም» ትላለች። በኋላ እንደምንረዳው በገላዋ ውስጥ የምትኖረው የዚያ ቤት አሮጊት ናት፤ የእርሷ የራሷ ነፍስ ከውስጥ ታስራለች። ስለ ጠፋው ወጣት አንድሬ ቢያንስ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ የሚከራከር ሰው አለ፤ ፖሊሶቹ ቢሥቁበትም። ስለ ጆርጂና የሚጠይቅ ግን እናት፣ እኅት ወይም ጎረቤት በፊልሙ ውስጥ የለም። ከአካባቢያችን ገጠሮች ልጇን ለቤት ሠራተኛነት ወደ ዓረብ አገር ልካ፣ ስልኩ መጥራቱን ያቆመባት እናት ይህችን ሴት ከማንም ተመልካች በላይ ታውቃታለች። የጆርጂና ፊልም በዚያች እናት ደጃፍ ሊጀምር ይችላል፤ አንድ ጠብታ ደም ሳይታይበትም ያስፈራል።

ይህን የምለው የአሜሪካኖቹን እንድትኮርጁ አይደለም። እኛም ማታ ማታ የምንሰማቸው የጭራቅ፣ የጅብና የቡዳ ታሪኮች ዳር ላይ የተተዉ ሰዎች አሏቸው። በተለይ ሸክላ የምትሠራዋን ሴት አስቡ። መንደሩ ገንቦና ጀበናዋን እየገዛ፣ ልጅ በታመመ ቁጥር ዓይኑን ወደ እርሷ ያዞራል፤ በተረቱ ውስጥ ስሟ እንኳ አይጠራም። የታመመው ልጅ ቤት ያለውን ጭንቀት ብዙዎች ተርከውታል። እናንተ ካሜራውን በሴትዮዋ ጎጆ ውስጥ አስቀምጡና፣ ጎረቤቶቿ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ ከውስጥ ሆና ስትሰማ የሚሰማትን ፍርሃት ጻፉ። ለዚህ ውድ የፊልም ማታለያ አያስፈልግም፤ አንድ ቤት፣ አራት ወይም አምስት ተዋንያንና ድምፅን በጥንቃቄ የሚቀዳ ባለሙያ ይበቃሉ፤ እነዚህም ጅማ ውስጥ አሉ።

የመጀመሪያዎቹን ገጾች የጻፈ ሁሉ ይስጠኝ፤ ተቀምጬ አነባለሁ፣ ያየሁትንም በግልጽ እናገራለሁ። ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።