ኤልኤንቢ ከመቀየራችሁ በፊት ፖሉን እዩት
(በደብረ ብርሃን ለዲሽ ተከላ ሠልጣኞች ምረቃ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አሠልጣኞች፣ ከመንዝ፣ ከተጉለት፣ ከይፋትና ከመርሐቤቴ የመጣችሁ እንግዶች፤ ዛሬ የምስክር ወረቀት የምትቀበሉ ወጣቶች፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

በፕሮግራሙ ላይ የተሰጠኝ ርዕስ «የዲሽ ሙያና የሥራ ዕድል» ይላል። ስለ ሥራ ዕድሉ ብዙ አልናገርም፤ በየጣሪያውና በየግቢው ያለውን ስታዩ ሥራው እንደማይጠፋ ታውቁታላችሁ። እኔ የመጣሁት አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። ክረምት ላይ ምስሉ ሲቆራረጥ የሚጠራ ሠራተኛ፣ መሰላል እንኳ ሳያቆም «ኤልኤንቢው ተቃጥሏል» ማለቱ በእናንተ ይብቃ። ኤልኤንቢ የምንለው በዲሹ ፊት ተቀምጦ ሲግናሉን የሚቀበለውን ዕቃ ነው።

እዚህ አዳራሽ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ዓይነት ቤት እንውሰድ። መሐል ሜዳ አካባቢ ግቢ ውስጥ አጣና ተተክሏል፤ ዲሹ በሽቦ ታስሮበታል። ግንቦት ላይ ሲገጠም ምስሉ ጥርት ያለ ነበር። ሐምሌ ገባ። አጣናው ውሃ ጠጣ፣ ሥሩ ያለው አፈር ራሰና ላላ፣ ነፋሱ ደግሞ 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽን እንደ ሸራ ይገፋዋል። ምስሉ ድርቅ እያለ መቆራረጥ ጀመረ። ሠራተኛ ተጠራ፤ ኤልኤንቢ ቀየረ። ሲቀይር ዲሹን ስለነቀነቀው ለጊዜው ገጠመለትና ምስሉ መጣ፤ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ነሐሴ ላይ ያው ችግር ተመለሰ። ሁለተኛው ሠራተኛ «ሪሲቨሩ አርጅቷል» ብሎ አዲስ አስገዛ፤ እሱም ዲሹን ነካ ነካ አድርጎ አስተካከለው። ጥቅምት ላይ አጣናው ሲደርቅ ተጣመመና ምስሉ ጭራሽ ጠፋ። ሦስተኛው መጥቶ እንደገና ኤልኤንቢ ቀየረ። የቤቱ እመቤት ሁለት ኤልኤንቢና አንድ ሪሲቨር ከፈሉ፤ አንዱም አልተበላሸም ነበር። የተበላሸው አጣናው ነው! ይህ ሙያ አይደለም፤ የእናቶችን የእህልና የበግ ገንዘብ እየበሉ መዞር ነው!

ለምን ፖሉ፣ ማለትም ዲሹ የቆመበት ምሰሶ፣ እንደሆነ በቁጥር ያዙት። 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ በአንድ ጊዜ የሚያየው የሰማይ ስፋት 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ከሳተላይቱ 1 ዲግሪ ሲሸሽ የሚቀበለው ኃይል በግማሽ ግድም ይቀንሳል። 1 ዲግሪ ማለት ደግሞ የዲሹ አንዱ ጠርዝ ከሌላው ጠርዝ አንጻር 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ተንቀሳቀሰ ማለት ነው። በበጋ የተረፈው ግማሽ ኃይል ምስል ለማምጣት ይበቃል፤ ባለቤቱም ደህና ነው ይላል። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ የተረፈውን ይወስድበታል። በትክክል የተተከለ ዲሽም ዶፍ ሲወርድ ለጥቂት ደቂቃ ሊጠፋ ይችላል፤ በካፊያ የሚጠፋ ከሆነ ግን ከመጀመሪያውም አልተስተካከለም። ጣርማ በር ላይ «ጉሙ ነው» የምትሉትንም ተዉት። ጉም በዚህ ፍሪኩዌንሲ ላይ ያን ያህል ጉዳት የለውም፤ ነፋሱንና በኬብሉ ጫፍ ኮኔክተር ውስጥ የገባውን ውሃ ፈልጉ።

ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት የተዞረበትን ጊዜ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የዛሬው ብልሽት ብዙው የዚያ ጊዜ ጥድፊያ ውጤት ነው። ናይልሳት ከደብረ ብርሃን ሲታይ በምዕራብ በኩል 36 ዲግሪ ግድም ከፍታ ላይ ነው። ኢትዮሳት ያለበት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ግን በደቡብ ምሥራቅ፣ በኮምፓስ 118 ዲግሪ ግድም፣ ከፍታው 67 ዲግሪ ነው። ዲሹን አዙረው ኤልኤንቢውን በነበረበት የተዉት ሞልተዋል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ኤልኤንቢው በመያዣው ውስጥ ብዙ መዞር አለበት፦ ከዲሹ ጀርባ ቆማችሁ ወደ ሳተላይቱ ስታዩ ወደ ግራ 60 ዲግሪ ገደማ። ለናይልሳት በደንብ የተስተካከለ ኤልኤንቢ ሳይነካ ከቀረ ስህተቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ ያን ጊዜ ሆሪዞንታሉና ቨርቲካሉ፣ ማለትም በአግድምና በቁም የሚመጡት ሁለቱ ሞገዶች፣ ተደባልቀው ይገባሉ። ሪሲቨሩ ላይ ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬት 45000 አስገቡና ኳሊቲውን፣ ማለትም የሲግናሉን ጥራት፣ እያያችሁ ኤልኤንቢውን በጥቂት በጥቂቱ አዙሩት። ይህ ምንም መለዋወጫ አይጠይቅም።

አሁን ፍተሻው። ሪሲቨሩ ሁለት መስመር ያሳያችኋል፤ የሲግናል ጥንካሬና ኳሊቲ። ጥንካሬው ኤልኤንቢው ኃይል እያገኘ መሆኑን ይነግራችኋል እንጂ ዲሹ የት እንደሚያይ አይነግራችሁም። ጥንካሬው ከፍ ብሎ ኳሊቲው ዜሮ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አቅጣጫው ነው። ከዚያ አንድ ሰው ኳሊቲውን እያነበበ፣ እናንተ የዲሹን ጠርዝ በሁለት ጣት ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ ቀስ ብላችሁ ግፉት። በየትኛውም በኩል ስትገፉት ኳሊቲው ከቀነሰ አቅጣጫው ልክ ነው። በአንዱ በኩል ከጨመረ ዲሹ ወደዚያ መሄድ ይፈልጋል፤ ኤልኤንቢውን አትንኩት! ቀጥሎ ውሃ ልክ ፖሉ ላይ አድርጉ፤ በአንድ በኩል ብቻ ሳይሆን፣ ሩብ ዙር ዞራችሁ በሌላውም በኩል። ፖሉ ካዘመመ ዲሹን ከፖሉ ጋር የሚያያይዘው ብራኬት ላይ የተጻፈው የከፍታ ቁጥር ውሸት ይሆናል፤ ዲሹን ወደ ጎን ባዞራችሁ ቁጥርም ከፍታው አብሮ ይለወጣል። ግማሽ ቀን ፈልገው የሚያጡት ለዚህ ነው። በመጨረሻ ሁለት ሲባጎ በዲሹ ፊት ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በመስቀል ወጥሩ፤ መሐል ላይ ካልተነካኩ ወይም አንዱ ሌላውን ከገፋ ዲሹ ተጣሟል። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተገኘ፣ ደህና መሆኑን የምታውቁትን ኤልኤንቢ ከቦርሳችሁ አውጥታችሁ ሞክሩ። ኳሊቲው ካልተለወጠ የድሮውን መልሱላቸው።

ተከላውን በተመለከተ ባለ 2 ኢንች ጋልቫናይዝድ ቱቦ ተጠቀሙ፤ አጣና ለዲሽ አይሆንም። ጉድጓዱ 40 በ40፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ቱቦው በኮንክሪቱ ውስጥ እንዳይዞር ከታች ቁራጭ ፌሮ በመስቀል በይዱበት። ኮንክሪቱ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ነው። ሳይጠብቅ ዲሽ አይሰቀልበት፤ ቢያንስ 3 ቀን ስጡት፣ ውሃም አጠጡት። እነዋሪና ደነባ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ መረሬ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ፖሉን ይዞት ይሄዳል። እዚያ እስከ 1 ሜትር ቆፍሩ፣ የጉድጓዱን ሥርም አስፉት። በጭቃ በተገነባ የድንጋይ ቤት ላይ የምትሰቅሉ ከሆነ ፊሸሩ ድንጋዩ ውስጥ ይግባ፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ጭቃ ብሎን አይዝም። ፖሉንም አለልክ አታስረዝሙት። ሳተላይቱ በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ከዲሹ 3 ሜትር የራቀ ግድግዳ ከዲሹ በላይ 7 ሜትር ካልረዘመ አይጋርደውም። አጭር ፖል ነፋስ አያወዛውዘውም፣ ለመጠገንም ጣሪያ አያስወጣም።

ባሕር ዛፍ ይጋርድ አይጋርድ እንደሆነ የሚጠራጠር፣ በመስቀል ሰሞን ወይም በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንት ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ዲሹ ዘንድ ይቁም። በዚያ ሰሞን ፀሐይዋ ልክ በሳተላይቱ አቅጣጫ ታልፋለች። የዛፉ ጥላ ዲሹ ላይ ካረፈ ጋራጁ ዛፉ ነው። በዚያው ሰሞን ለጥቂት ደቂቃ ምስል ቢጠፋም ፀሐይዋ ናት፤ ሠራተኛ አያስጠራም።

ስለ ኬብል አጭር ነገር ልበል። ኮኔክተር ስትገጥሙ ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ። መሐለኛው መዳብ ከኮኔክተሩ አፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይውጣ፣ ከሽቦ መረቡ አንዲት ክር እንኳ አትንካው። ከኤልኤንቢው ሥር ኬብሉን ወደ ታች ቀለበት አድርጋችሁ እሰሩት፣ ውሃው እዚያ ይንጠባጠብ። መረቡ ጠቁሮ ካገኛችሁት እስከ ጤነኛው ድረስ ቆርጣችሁ ጣሉ። ሆሪዞንታል 18 ቮልት ይፈልጋል፣ ቨርቲካል 13፤ ዝገትና ቀጭን ኬብል መጀመሪያ የሚያጠፉት ሆሪዞንታሉን ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይ የኬብሉን ልባስ ስለሚሰነጣጥቀው በቱቦ ውስጥ አሳልፉት። ፖሉ ከመሬት ጋር በወፍራም ሽቦ ይያያዝ፤ መብረቅ ሲበረታም ባለቤቶቹ ኬብሉን ከሪሲቨሩ እንዲነቅሉ ንገሯቸው።

ሥራችሁን ስትጨርሱ ኳሊቲውን፣ ቀኑንና የፖሉን ሁኔታ በወረቀት ጽፋችሁ ከሪሲቨሩ ሥር ለጥፉ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሠራተኛ በግምት እንዳይጀምር።

የምስክር ወረቀቱ ከተሰጠ በኋላ ከአዳራሹ ጀርባ ሁለት ዲሾች ተተክለው ይጠብቋችኋል። አንደኛው ሆን ተብሎ በስህተት የተተከለ ነው። ውሃ ልክና ሲባጎ ይዛችሁ ኑ፤ ወላጆችም እንድታዩ ተጋብዛችኋል። አመሰግናለሁ።