ከጠጠሩ በታች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ግቢዬ አንድ ጥግ ነው፤ አራት ሜትር በአምስት ሜትር። ከዓመታት በፊት ጥቁር ጨርቅ አንጥፌ ጠጠር ያለበስኩት እኔው ራሴ ስለሆንኩ የምወቅሰው ሰው የለኝም። ከአረም ልገላገል ብዬ ነበር።

አልተገላገልኩም። ነፋስ አቧራ ያመጣል፣ የረገፈው ቅጠል በድንጋዮቹ መሐል ይበሰብሳል፣ ውሎ አድሮ ከጨርቁ በላይ ስስ አፈር ይሠራል። አረሙ እዚያ ይበቅልና ሥሩን በጨርቁ ውስጥ ይሰድዳል፤ ስነቅለው ጨርቁ አብሮ ይነሣል። ድንጋዩ ደግሞ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይተፋዋል። ነፋስ ልቀበል መስኮት ስከፍት የሚገባው ወላፈን ነው።

ጠጠሩን ላነሣውና በቦታው አገር በቀል ተክሎች ልተክል ወሰንኩ። ሒሳቡን አስቀድሜ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ ምናልባት አልጀምረውም ነበር። በ20 ካሬ ሜትር ላይ 5 ሴንቲ ሜትር የተነጠፈ ጠጠር 1 ሜትር ኩብ ነው፤ ወደ 1.5 ቶን ይመዝናል። አካፋ ጠጠር ውስጥ አልገባ እያለ ይንሸራተታል፣ ይንጫጫል፣ ሦስት ድንጋይ ይዞ ይወጣል። ብዙውን በእጄ ዝቄ አወጣሁት።

ጨርቁን ስገልጠው የታፈነ ጎተራ የሚመስል ሽታ ወጣ። አፈሩ ግራጫ ነው፤ ጠጥሯል። የሰርዶ ሥር ነጭ ክር መስሎ ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር ሰፍቶታል። አንድ ጣሳ ውኃ ባፈስበት ውኃው ቆሞ ተመለከተኝ። የዚያን ዕለት ተክል የመትከል ወሬ ቀረ። ሳምንታት አፈሩን በመቆፈር፣ የሰርዶውን ሥር አንድ በአንድ በመልቀም አለፉ። ቁራጭ ሥር ከቀረ ሰርዶው መልሶ ይመጣል።

ብስባሽ የጨመርኩት በስሱ ነው። ከአገር በቀል ተክሎች ብዙዎቹ አፈር ሲሰባላቸው ይረዝሙና ይወድቃሉ። አገር በቀል መሆን ብቻውንም አይበቃም፤ ወንዝ ዳር የለመደ ተክል ደረቅና ፀሐያማ ጥግ ላይ ቢተከል እንግዳ ነው። ይህን የተማርኩት ሁለት ችግኝ ገድዬ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት አሳፋሪ ነበር። ከዓመት ዓመት የሚቆይ ተክል በመጀመሪያ ጉልበቱን የሚያፈስሰው ሥሩ ላይ ነው፤ ከላይ የሚታየው እፍኝ ቅጠል ብቻ ነው። ሳጠጣ ያየኝ ጎረቤቴ «ጠጠሩ አይሻልም ነበር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሁለተኛው ዓመት አበበ። አንድ ባዶ ቦታ ቀርቶ ነበርና እርሱንም ልሞላ ዶማ ይዤ ወጣሁ። ጎንበስ ስል የእርሳስ ውፍረት ያላት ቀዳዳ አየሁ፤ አፏ ዙሪያ ከጥፍሬ የማይበልጥ የአፈር ክምር አለ። አንዲት ትንሽ ንብ እግሮቿ በጽጌ ብናኝ ቢጫ ሆነው መጣችና ገባች። ብዙ ንቦች ቀፎ የላቸውም፤ ጎጇቸው ባዶ መሬት ውስጥ ነው። ዶማዬን ይዤ ተመለስኩ።